ብስክሌተኛው የሚያየው አገር፦ የብስክሌት ቱሪዝም ከውድድርና ከከተማ መስመር ለምን ይለያል?

የዓለም የጎዳና ላይ ብስክሌት ሻምፒዮና በመስከረም 2025 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ መጥቶ በኪጋሊ ሲካሄድ፣ የሩዋንዳ ዳገቶች ለስምንት ቀናት በመላው ዓለም ቴሌቪዥን ታይተዋል። በወንዶቹ ዋና ውድድር የተሸፈነው ርቀት 267.5 ኪሎ ሜትር ነበር። ስሎቬኒያዊው ታዴይ ፖጋቻር ባሸነፈበት በዚያ ቀን እስከ መጨረሻው የዘለቁት 30 ብስክሌተኞች ብቻ ናቸው። በዚያው ሰሞን በአዲስ አበባና በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች በኮሪደር ልማት የተሠሩት የብስክሌት መስመሮችም መነጋገሪያ ሆነው ቆይተዋል። የሁለቱ መገጣጠም አንድን ሐሳብ ደጋግሞ አስነሥቷል፤ ብስክሌት ቱሪስት ያመጣል፣ መልክዓ ምድሩ አለን፣ አስፋልቱም እየተሠራ ነው፣ ታዲያ ምን ቀረን የሚል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በውይይቱ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች በአንድ ስም እየተጠሩ ስለሚቀርቡ፣ አንዱን ለማሳደግ የሚያስፈልገው ነገር ለሌላውም የሚበቃ ይመስላል። ልዩነታቸውን ሳይለዩ ወደ ዕቅድ መግባት ገንዘብን ያለ ቦታው ማፍሰስ ነው።

ሦስት ጉዳዮች፣ አንድ ስም

የመጀመሪያው ስፖርት ነው። ውድድር ለሰዓታት የሚዘጋ መንገድ፣ የሠለጠነ አትሌት፣ ቡድንና ካሜራ ይፈልጋል። ሁለተኛው የከተማ መጓጓዣ ሲሆን፣ ዓላማውም ሠራተኛው ከቤቱ ወደ ሥራው፣ ተማሪውም ወደ ትምህርት ቤቱ በሰላም እንዲደርስ ማድረግ ነው። አዲስ አበባ ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ያወጣችው ለዚህ ነው። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳማ በመሆናቸው ብስክሌትን ለረጅም ዘመን የለመዱትም በዚሁ በኩል ነው። ሦስተኛው የብስክሌት ቱሪዝም ሲሆን፣ ሰው ከመኖሪያ አካባቢው ወጥቶ የሚያደርገውን፣ ብስክሌት መንዳቱ ራሱ ዋና ክፍሉ የሆነበትን የመዝናኛ ጉዞ ያመለክታል። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለሰውም፣ ጓዙን ጭኖ ለወራት ድንበር የሚያቋርጠውም በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። ድንኳኑንና ልብሱን በብስክሌቱ አካል ላይ አስሮ ከአስፋልት ውጪ የሚጓዘውን በቅርብ ጊዜ «ባይክፓከር» ማለት ተለምዷል።

ሦስቱ አንዱ ሌላውን ይዞ እንደማይመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአፍሪካ ቀንድ በብስክሌት ስሟ ከኤርትራ በላይ የገነነ አገር የለም። ዳንኤል ተክለሃይማኖት በ2015 በቱር ደ ፍራንስ በዳገት የሚመራው ብስክሌተኛ የሚለብሰውን «የተራራ ንጉሥ» ማሊያ ለብሷል፤ ቢንያም ግርማይ ደግሞ በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት ዙሮችን አሸንፎ በነጥብ አንደኛ ለሚወጣው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ ወስዷል። በአስመራ ጎዳናዎች ብስክሌት የዕለት ተዕለት ኑሮ አካል ነው። ሆኖም የውጭ ጎብኚ ከአስመራ ለመውጣት የጉዞ ፈቃድ ማሳየት ስለሚጠበቅበት፣ ዛሬ የት እንደሚያድር በእግሩ ብርታት የሚወስን መንገደኛ በዚያ አገር እንደ ልቡ መጓዝ አይችልም። ስፖርቱም የከተማ ልምዱም እያሉ ቱሪዝሙ ሳይኖር ቀርቷል።

የከተማ መስመርም ቢሆን ለመንገደኛው የሚጠቅመው እስከ ከተማው ጫፍ ድረስ ነው። ለሩቅ ተጓዥ ከትልቅ ከተማ መውጫውና መግቢያው ብዙ ጊዜ የጉዞው አስቸጋሪ ክፍል ነው። ከአዲስ አበባ በአዲሱ ገበያ አድርጎ ወደ ሱሉልታ የሚወጣ ብስክሌተኛ መሀል ከተማ ያለው ባለ ቀለም መስመር ምንም ያህል ቢያምር፣ ዳገቱን የሚወጣው ከጭነት መኪና ጭስ ጋር እየተጋፋ ነው።

ከቀርፋፋነቱ ይልቅ ጥገኝነቱ

ብስክሌት አገርን ለማየት ይሻላል ሲባል በአብዛኛው የሚሰጠው ምክንያት ፍጥነቱ ነው። ጓዝ የጫነ ብስክሌተኛ በሜዳ በሰዓት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ይህ ከእግረኛ ሦስትና አራት እጥፍ በመሆኑ በቀን ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ለመሸፈን ያስችላል፤ ከመኪና አንጻር ደግሞ ዝግ ያለ ስለሆነ የእህሉን ሽታ፣ የወፍጮ ቤቱን ድምፅና የመንገድ ዳር ሰላምታን አያሳልፍም። ይህ እውነት ቢሆንም ነገሩን ሙሉ በሙሉ አያስረዳም። በየመንደሩ የሚቆም አሮጌ አውቶቡስም ቀርፋፋ ነው፤ ውስጡ የተቀመጠው ጎብኚ ግን ከአገሩ ጋር የግድ አይገናኝም።

ዋናው ልዩነት ጥገኝነት ይመስላል። በተደራጀ ጉብኝት የሚጓዝ ሰው ውኃውን፣ አስጎብኚውን፣ ሾፌሩንና የጊዜ ሰሌዳውን ይዞ ይንቀሳቀሳል፤ የሚቆመውም ሊያይ ባሰበው ቦታ ነው። ብስክሌተኛው ግን ለጥቂት ሰዓታት ከሚበቃ ውኃና ለአንድ ቀን ከሚሆን ምግብ በላይ መሸከም ስለማይችል፣ በየ20 እና 30 ኪሎ ሜትሩ ከማያውቃቸው ሰዎች የሆነ ነገር መፈለጉ አይቀርም። ውኃ ይለምናል፤ ጥላ ይፈልጋል፤ የተነፈሰ ጎማ ይዞ ጎሚስታ ያፈላልጋል፤ ሲመሽ የት እንደሚያድር ይጠይቃል። የሚቆምባት መንደር በየትኛውም የጉብኝት መጽሐፍ ላይ ላትኖር ትችላለች። ከአንድ አገር ሰዎች ጋር የሚያገናኘውም ይኸው ያልታቀደ ችግረኛነቱ ነው። አስተናጋጅና ደንበኛ ብቻ ሆኖ መገናኘት ይቀርና እንግዳና ባለ አገር ሆኖ መገናኘት ይመጣል።

ሌላው መንገድ አካል ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደውን የዓባይ በረሃ በመኪና ያቋረጠ ሰው መጠምዘዣዎቹንና ድልድዩን ያስታውሳል። በብስክሌት የወረደ ሰው ግን ጃኬቱን ቆልፎ የጀመረውን ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ድልድዩ ላይ ሲደርስ፣ ጣቶቹ ፍሬን ከመያዝ ብዛት ደንዝዘው፣ ጃኬቱም ጓዙ ላይ ታስሮ፣ ፊቱን የሚመታው አየር እንደ ምድጃ ሆኖበት ያገኘዋል። ከዚያ ያንኑ ከፍታ ለመመለስ ቀሪውን ቀን ይፈጃል። ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ የሚለውን በአንደኛ ደረጃ ጂኦግራፊ የምናውቀውን ክፍፍል በአንድ ቀን ውስጥ በላቡ ይለካዋል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን በብስክሌት ጉዞ ወዳጆች ዘንድ የሚዘወተረውን ማጋነን መቀበል አያስፈልግም። ብስክሌተኛ የሚያየው አገር በመንገዱ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ቀጭን መቀነት ነው። ቋንቋውን ካላወቀ የሚያደርገው ንግግር ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ብቻህን ነህ ወይ ከሚሉት ጥያቄዎች ብዙም አይርቅም። ማታ ሲደክመው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይተኛል፤ ሠርግ፣ ለቅሶና ማኅበር ያመልጡታል። በአንድ ከተማ አንድ ወር የተቀመጠ ሰው የማያየውን ስፋት ያያል፣ ያ ሰው የሚያገኘውን ጥልቀት ግን አያገኝም።

አውሮፓ ከመንገዱ በተጨማሪ ምን ሠራች?

ጓዝ ጭኖ በብስክሌት የመጓዝ ታሪክ ከብስክሌቱ ዕድሜ ብዙም አያንስም። ቶማስ ስቲቨንስ ከ1884 እስከ 1886 ባለው ጊዜ የፊት ጎማው ከሰው ደረት በሚደርስ ብስክሌት ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ ዮኮሃማ በመድረስ ዓለምን ዞሯል። ጀብዱው ወደ ተራ ሰው ዕረፍትነት የተለወጠው ግን በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው፤ ለውጡንም በደንብ የሚያሳየው የዳኑብ ወንዝ ዳርቻ ነው።

ከጀርመኗ ፓሳው እስከ ቪየና የሚወስደው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መስመር በብዙ ቦታው የተዘረጋው ፈረሶች ጀልባዎችን ሽቅብ ይጎትቱበት በነበረው የወንዝ ዳር መንገድ ላይ ነው። ፈረስ ጀልባ እየጎተተ የሚሄድበት የወንዝ ዳር መንገድ ዳገት አይበዛበትም፤ ስለዚህ ሞተር ሲመጣ ሥራ የፈታው መንገድ ለብስክሌት የተዘጋጀ ያህል ሆኖ ተገኘ። ይህ መስመር ዛሬ «ዩሮቬሎ 6» ተብሎ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ እስከ ጥቁር ባሕር በ10 አገሮች የሚያልፍ የረጅም ጉዞ አካል ነው። ዩሮቬሎ የአውሮፓ ብስክሌተኞች ፌዴሬሽን የሚያስተባብረው፣ 17 አህጉራዊ መስመሮች ያሉት መረብ ሲሆን፣ ከመስመሮቹ አንዱ ቀድሞ ምሥራቅና ምዕራብ አውሮፓን ይለይ የነበረውን «የብረት መጋረጃ» ድንበር ተከትሎ ከባሬንትስ ባሕር እስከ ጥቁር ባሕር ይወርዳል። አዲስ መንገድ ጠርጎ ከመሥራት ይልቅ ነባር መንገዶችን ማገናኘትና ምልክት ማድረግ የሥራው ትልቁ ክፍል ነው።

ከሁሉም የረቀቀው ግን የቤልጅየሟ የሊምቡርግ አውራጃ ያመጣችው ቀላል ዘዴ ይመስለኛል። ሁጎ ቦለን የሚባል የማዕድን መሐንዲስ ከመሬት በታች ያሉ ዋሻዎች መጋጠሚያቸው በቁጥር ተለይቶ ሠራተኛ እንዳይጠፋ ይደረግ እንደነበር አስታውሶ፣ የገጠር መንገዶችም በዚያው ስልት እንዲደራጁ ሐሳብ አቀረበ፤ መረቡም በ1995 ሥራ ላይ ዋለ። በየመጋጠሚያው አንድ ምሰሶ ቆሞ ቁጥር ይጻፍበታል፤ ከሥሩም ወደ ቀጣዮቹ ቁጥሮች የሚያመለክቱ ቀስቶች ይደረጋሉ። መንገደኛው ጠዋት አራት ወይም አምስት ቁጥሮችን በወረቀት ጽፎ መሪው ላይ ይለጥፍና ካርታ ሳይገልጥ፣ ስልክ ሳያወጣ ቀኑን ሙሉ ይነዳል። ዘዴው በቤልጅየምና በኔዘርላንድስ ተስፋፍቶ ወደ ጀርመንም ዘልቋል። እዚህ ላይ ሊተኮርበት የሚገባው የዋጋው ማነስ ነው፤ ምሰሶና ቀለም ከአስፋልት ጋር አይወዳደርም።

ሌላው ማደሪያ ነው። የጀርመን ብስክሌተኞች ማኅበር በ1995 የጀመረው «ቤት ኡንድ ባይክ» የሚባል የምስክርነት አሠራር ዛሬ ከ5,000 በላይ ማደሪያዎችን ያቀፈ ሲሆን፣ መመዘኛዎቹ የመንገደኛውን ችግር በቅርብ ከሚያውቅ ሰው የመጡ መሆናቸው ያስታውቃል። ለአንድ ሌሊት ብቻ የመጣን እንግዳ አለመመለስ፣ ለብስክሌት የሚቆለፍ ክፍል፣ የረጠበ ልብስ ማድረቂያ ቦታ፣ መጠገኛ መሣሪያ፣ ጠንከር ያለ ቁርስ፤ ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። ስለ ኮከብ ብዛትና ስለ መዋኛ ገንዳ የሚል ነገር የለም።

የገንዘቡ ክርክር

በ2012 ለአውሮፓ ፓርላማ የቀረበ ጥናት በአውሮፓ በዓመት ወደ 2.3 ቢሊዮን የሚጠጉ የብስክሌት ቱሪዝም ጉዞዎች እንደሚደረጉና ዋጋቸውም ከ44 ቢሊዮን ዩሮ እንደሚበልጥ ገምቷል። ይህ ቁጥር በየስብሰባው ስለሚጠቀስ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። አንደኛ፣ ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ለጉዞዎቹ ቢካፈል ለአንዱ የሚደርሰው 20 ዩሮ አይሞላም፤ ምክንያቱም ከጉዞዎቹ መካከል አዳር ያላቸው 20 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ ቀሪዎቹ የዚያው አገር ሰዎች ቅዳሜና እሑድ ወጥተው፣ ቡናና ኬክ ቀምሰው የሚመለሱባቸው ናቸው። የአውሮፓ የብስክሌት ቱሪዝም መሠረት ጎረቤት እንጂ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ አይደለም። ቁጥሩን ወደ አፍሪካ ቀድቶ ማምጣት የማይቻለውም ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል፣ ብስክሌተኛ በርካሽ አልጋ የሚያድር ድሃ ቱሪስት ስለሆነ አገር አያሳድግም የሚሉ አሉ። በቀን የሚያወጣው ሲታይ ልክ ናቸው። ነገር ግን በቱሪዝም ጥናት «የገቢ መፍሰስ» የሚባል ጽንሰ ሐሳብ አለ፤ ጎብኚው ከከፈለው ውስጥ ወደ ውጭ አገር አስጎብኚ ድርጅት፣ ወደ ሆቴል ሰንሰለትና ወደ አስመጪ ተመልሶ የሚወጣውን ድርሻ ያመለክታል። በቅንጡ ጉብኝት ይህ ድርሻ ከፍ ሊል ይችላል። ብስክሌተኛው ለሽሮ፣ ለሻይ፣ ለአልጋና ለጎሚስታ የሚከፍለው ትንሽ ብር ግን ከተከፈለበት ከተማ ብዙም አይወጣም። ስለዚህ ክርክሩ መፈታት የሚችለው ዓላማን በመለየት ነው፤ ብዙ የውጭ ምንዛሪ ለሚፈልግ መንግሥት ብስክሌት ደካማ መሣሪያ ነው፣ የቱሪስት መኪና ሳይቆም የሚያልፋቸውን ትንንሽ ከተሞች መድረስ ለሚፈልግ ግን ከብስክሌት የሚሻል ማግኘት ይከብዳል።

ሩዋንዳ፣ ከሻምፒዮናው በፊትም በኋላም

ሩዋንዳ ውድድሩን ከማስተናገዷ ከዓመታት በፊት በኪቩ ሐይቅ ዳርቻ ከሩባቩ እስከ ሩሲዚ 227 ኪሎ ሜትር የሚረዝም «የኮንጎ ናይል መሄጃ» የሚባል መስመር አዘጋጅታለች። እግረኛ በ10 ቀን ገደማ፣ ብስክሌተኛ በ5 ቀን ገደማ ይጨርሰዋል። መስመሩ ቡናና ሻይ በተተከለባቸው ኮረብታዎች ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ሁለት ነገሮች ግን ልብ ሊባሉ ይገባል። በሐይቁ ዳር የተሠራው አስፋልት ለነዋሪው ገበያንና ሐኪም ቤትን ሲያቀርብለት፣ ጸጥ ያለ የአፈር መንገድ ፈልጎ ለመጣው እንግዳ የጭነት መኪና አምጥቶበታል። በዚህ የጥቅም ግጭት ነዋሪው ቢቀድም ማንም ሊቃወም አይገባም፤ ግን መስመሩን ያዘጋጀ አካል አማራጭ መንገድ እየፈለገ መኖር አለበት ማለት ነው። ሁለተኛው ፖለቲካ ነው። መስመሩ የሚጀምርባት ሩባቩ ከኮንጎዋ ጎማ ከተማ ጋር የተጋጠመች ስትሆን፣ ጎማ በጥር 2025 መጨረሻ በኤም 23 አማፂያን እጅ ወድቃለች። የአውሮፓ ፓርላማ በየካቲት ባወጣው ውሳኔ ሩዋንዳ አማፂያኑን ትደግፋለች በማለት፣ አካሄዷን ካልለወጠች ሻምፒዮናው በኪጋሊ እንዳይካሄድ ጠይቆ ነበር፤ የዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ግን ዕቅዱን አልለወጠም። አንዱ ወገን ውድድሩን የመንግሥት ገጽታ ማሳመሪያ ሲለው፣ ሌላው አፍሪካ የዘገየ ድርሻዋን ያገኘችበት ነው ይላል።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ሩዋንዳ ከውድድሩም ከመስመሩም የሚበልጥ አንድ ነገር አላት። በገጠሯ ብስክሌት የሰው መሣሪያ ነው፤ ሙዝ፣ ድንችና ጄሪካን ይጫንበታል፣ ኋላው ላይ ሰው በክፍያ ይሳፈርበታል። ስለዚህ ጎብኚው ዳገቱን ሲገፋ ከጎኑ ሙዝ የጫነ ገበሬም ብስክሌቱን እየገፋ ይወጣል። ጎብኚው እንግዳ ቢሆንም ትርዒት አይደለም። ይህ ነጥብ ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ብዙ ነገር ያስረዳል።

በኢትዮጵያ አስፋልት ላይ

ኢትዮጵያ በብስክሌት ቱሪዝም ካርታ ላይ ለብዙ ዓመታት ኖራለች፤ እኛ ብዙም አላስተዋልነውም እንጂ። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን ወደ 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው፣ «ቱር ዳፍሪክ» የተባለው የአራት ወር የቡድን ጉዞ በ2003 ሲጀመር በኢትዮጵያ በኩል አልፏል። በግላቸው የሚጓዙ ብስክሌተኞችም በመተማ ገብተው፣ በጎንደርና በባሕር ዳር አድርገው፣ ዓባይን ተሻግረውና አዲስ አበባ አርፈው በሞያሌ ሲወጡ ኖረዋል። በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲጀመር፣ በነሐሴም በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ይህ መስመር ተቆርጧል። በአውሮፕላን የሚመጣ ጎብኚ አደጋ ያለበትን አካባቢ በላዩ በርሮ ላሊበላ ሊደርስ ይችላል። ለብስክሌተኛው ግን ጉዞው ሰንሰለት ነው፤ አንዷ ቀለበት ስትበጠስ ከእርሷ ወዲያና ወዲህ ያሉት ከተሞችም እንግዳቸውን ያጣሉ። በሌሎች የቱሪዝም ዓይነቶች የአካባቢ ችግር በአካባቢው ሲወሰን፣ በዚህኛው የመተማ መዘጋት ለደጀን አልጋ ቤትም ይተርፋል።

መስመሩ ክፍት በነበረበት ጊዜ የታየው ነገር ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያው ብዙ የማይወራለት ብልጫ ነው። አውሮፓ በምስክር ወረቀት ያደራጀችው የማደሪያ መረብ በኢትዮጵያ ደጋማ መንገዶች ላይ ማንም ሳያቅደው አለ። በየ30 እና 50 ኪሎ ሜትሩ «አልጋ አለ» የሚል ጽሑፍ ያለባት፣ ሽሮና ጥብስ የሚሠራባት፣ ቡና የሚፈላባት ከተማ ትገኛለች። ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ ስለማይጠፋ ሥጋ የማይበላ መንገደኛም አይቸገርም። ብስክሌቱን አልጋ ክፍሉ ውስጥ አስገብቶ ማደር ብዙ ጊዜ የሚከለክለው የለም። በሱዳን በረሃም ሆነ በሰሜን ኬንያ ይህን ያህል የተጠጋጋ ማደሪያ ማግኘት ከባድ ነው።

ሁለተኛው መልክ በመንገደኞች ማስታወሻ ላይ ሳይጠቀስ የማይቀረው የልጆች ጉዳይ ነው። «ዩ! ዩ!»፣ «ፈረንጅ!»፣ «መኒ!»፣ «እስክሪብቶ!»፣ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ለሚፈልገው ደግሞ «ሃይላንድ!» የሚሉ ጥሪዎች ከጠዋት እስከ ማታ ይከተሉታል። አልፎ አልፎም ድንጋይ ይወረወራል። ጉዳዩ ስለሚያሳፍረን እንግዳ ተቀባይነታችንን በማንሣት እናልፈዋለን። አሳፋሪነቱ ግን መንስኤውን ከመመርመር ሊያግደን አይገባም።

አንዳንዶች ከመኪና መስኮት ከረሜላና እስክሪብቶ ሲወረውሩ የኖሩ ጎብኚዎችን ተጠያቂ ያደርጋሉ፤ ልጁ ነጭ ሰው ሲያይ ስጦታ መጠበቁ የተማረው ነገር ነው። ሌሎች የአዋቂ ቁጥጥር መላላቱን ያነሣሉ። ድንጋይን በተመለከተ ደግሞ፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ በሬን የሚመልሰውም ውሻን የሚያባርረውም በድንጋይ መሆኑ፣ ለእርሱ ድንጋይ መወርወር ለከተሜ የሚኖረውን ያህል ክብደት እንዳይኖረው ያደርገዋል የሚል ማብራሪያ አለ። ሁሉም በየድርሻቸው እውነት የያዙ ይመስለኛል። ሚዛን የሚደፋው ግን ብዙም ያልተነሣው የፍጥነት ስሌት ነው። ጓዝ የጫነ ብስክሌተኛ በረጅም ዳገት በሰዓት 6 ወይም 7 ኪሎ ሜትር ነው የሚጓዘው። የደጋ ልጅ ከዚህ በእጥፍ ይሮጣል። ስለዚህ በመኪና ቢሆን በሦስት ሰከንድ የሚያልቀው መተያየት በብስክሌት ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ከትምህርት ቤት ፈረቃ መልቀቂያ ጋር ከተገጣጠመ ደግሞ ከኋላ የሚከተለው ልጅ ብዙ ነው። በዚህ ላይ በደጋው ገጠር ብስክሌት የገበሬ መሣሪያ ስላልሆነ፣ የሚያልፈው ሰው የዕለቱ ትልቅ ትርዒት ነው። ከሩዋንዳ ጋር ያለው ልዩነት የጨዋነት ጉዳይ ሳይሆን የብስክሌት ልማድ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ማብራሪያ ከተቀበልን መፍትሔውም ይለወጣል። «እንግዳን አክብሩ» የሚል ማስታወቂያ ብቻውን ብዙ አይሠራም። በመንገዱ ዳር ባሉ ትምህርት ቤቶች መምህራን ስለ ጉዳዩ እንዲያስተምሩ ማድረግ፣ መንገደኛው ለልጆች ምንም እንዳያድል መንገር፣ የአካባቢ ወጣት ብስክሌተኛን አጃቢ አድርጎ መቅጠር ወጪያቸው አነስተኛ ነው። አጃቢው ሁለት ጥቅም አለው፤ ቋንቋ ያውቃል፣ ልጆቹም የራሳቸውን ሰው በብስክሌት ላይ ያያሉ። አሁንም ቢሆን ድንጋይ ያነሣ ልጅ ሲታይ «ተው! እንግዳ ነው!» ብሎ ከማሳው የሚጮህ አዋቂ ብዙ ጊዜ አይታጣም።

የማን ጉዞ?

በብስክሌት ድንበር ማቋረጥ ከመኪና የቀለለ ጎን አለው። ለመኪናና ለሞተር ብስክሌት በብዙ አገሮች የሚጠየቀው የጉምሩክ ዋስትና ሰነድ ለብስክሌት አይጠየቅም። ከባዱ የሰውየው ወረቀት ነው። እርስ በርስ የድንበር ቁጥጥር ያነሡት የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚሰጡትን የሼንገን ቪዛ የሚያመለክት ሰው የጉዞ ዕቅድና የማደሪያ ማስረጃ እንዲያቀርብ ይጠበቅበታል፤ ይህ ደግሞ ነገ የት እንደሚያድር ከማያውቅ መንገደኛ ባሕርይ ጋር በቀጥታ ይጋጫል። በአንጻሩ በአውሮፓ የመኖሪያ ፈቃድ ላለው ኢትዮጵያዊ፣ ክሮኤሺያ በ2023፣ ቡልጋሪያና ሮማኒያ ደግሞ በ2025 የየብስ ድንበር ቁጥጥራቸውን ካነሡ ወዲህ፣ ከዩሮቬሎ 6 አሥሩ አገሮች መካከል ከሼንገን ክልል ውጪ የቀረችው ሰርቢያ ብቻ ናት። ኢትዮጵያዊ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ሲሻገር ቪዛ አይጠየቅም፤ ሩዋንዳም በኅዳር 2023 ለአፍሪካውያን ሁሉ ቪዛን ማንሣቷን አስታውቃለች። የአውሮፓው ልምድ እንደሚያሳየው የዘርፉ መሠረት ጎረቤት ከሆነ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ይህ ነፃነት ከሩቅ እንግዳ ማስታወቂያ የበለጠ ዋጋ ሊኖረው ይችላል።

ባትሪው

በሚቀጥሉት ዓመታት ዘርፉን ይለውጠዋል ተብሎ የሚጠበቀው በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ብስክሌት ነው። ይህ ነጂው ፔዳል ሲመታ ብቻ ሞተሩ የሚያግዝ ብስክሌት ሲሆን፣ በአውሮፓ ሕግ የሞተሩ ኃይል በ250 ዋት፣ እገዛውም በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ተገድቧል። ለደጋ አገር ትርጉሙ ግልጽ ነው። ቀድሞ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ይወጣ የነበረው ዳገት በእጥፍና ከዚያ በላይ ይፈጥናል፤ በጉልበታቸው የማይተማመኑ ሰዎችም ወደ መንገዱ ይመጣሉ። ጥገኝነቱም ይቀየራል፤ የማታው ጥያቄ ውኃና አልጋ ከመሆን አልፎ መብራት አለ ወይ የሚል ይሆናል፣ ሌሊቱን መብራት የሄደባት ከተማም መንገደኛዋን አንድ ተጨማሪ ቀን ታሳድረዋለች።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለዕቅድ አውጪ የሚጠቅመው ግን አንድ የአየር መንገድ ደንብ ነው። ተራ ብስክሌት ፔዳሉ ተፈትቶ፣ መሪው ተጠምዝዞ፣ ጎማው ተንፍሶ በካርቶን ይታሸግና እንደ ሻንጣ ይሳፈራል። የሊቲየም ባትሪ ግን የሚይዘው ኃይል ከ160 ዋት ሰዓት በላይ ከሆነ ከመንገደኛ ጓዝ ጋር አይጫንም፤ የእነዚህ ብስክሌቶች ባትሪ ደግሞ በአብዛኛው ከ400 ዋት ሰዓት በላይ ነው። ስለዚህ በኤሌክትሪክ ብስክሌት አገር ማየት የሚፈልግ ጎብኚ ብስክሌቱን ይዞ መምጣት አይችልም። የሚከራየው፣ የሚጠገንለትና ባትሪው የሚሞላለት በደረሰበት አገር ነው፤ አከራይ ከሌለ ደግሞ ጉዞው ወዳለበት አገር ይዞራል።